የምሥራቅ ነፋስና ስድስት ቁና ገብስ

ዝናብ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሞላሌ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰማዩን አይቶ «ምን ይመስልሃል?» ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነበር። ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም። ከመርሐቤቴ ወጥቼ፣ ደብረ ብርሃን ተምሬ፣ መንዝ ውስጥ ሞላሌ ላይ በመምህርነት ተመደብኩ። ብርዱ አይነሣ! የተከራየሁት ባላቸው ከሞተባቸው ሴትዮ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር። አከራዬ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ፣ አምስተኛ ክፍል ደርሳ እኔው ዘንድ ትማራለች። ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣው እሷ ነበረች።

ጥር ላይ ነፋስንና ዝናብን አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ሣልኩ፣ ባሕር ሣልኩ፣ ተራራ ሣልኩ። ፀሐይ የብሱን ስታግለው ከላዩ ያለው አየር ይቀልና ሽቅብ ይነሣል፤ በቦታው ከባሕር በኩል ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ይገባል፤ ነፋሱ ይኸው ነው አልኳቸው። ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይበርደዋል፣ ሲበርደው የተሸከመውን ውሃ ያራግፋል። ሰኔ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣና ክረምት ይሆናል። ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ይገለበጥና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ በረሃ በኩል ይነፍሳል፤ ደረቅ ነው፣ በጋ ነው። አለቀ። መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ያደግኩበት አገር የሚያርሰው የክረምቱን ዝናብ ጠብቆ ስለነበር የጎደለ ነገር አልታየኝም። ልጅቱ ቤቷ ገብታ ለእናቷ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

መንዝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ደጋ ላይ ጎጆ የሚቆመው በበልግ ገብስ ነው። የካቲት ላይ ዝናቡን ተማምነው ይዘሩታል፣ ሰኔ ላይ ያጭዱታል። ክረምቱማ ብርዱና በረዶው ስለሚበዛበት ብዙም አያምኑትም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያወቅኩት ደግሞ መማር በማይገባኝ መንገድ ነው።

የካቲት ሲገባ አከራዬ በራፌ ላይ ቆመው ነገራቸውን ዘረገፉልኝ። ስድስት ቁና የገብስ ዘር አላቸው። ዓምና በልጉ ጀምሮ ስለቀረ የዘሩት ሁሉ አፈር በልቶታል። የልጅቱ አጎት ደግሞ ራቤል ለሚኖር አንድ ሰው ሊድራት ነገሩን ጨርሷል፤ እሳቸው ናቸው እንቢ ብለው የያዟት።

«ገብሱ ከደረሰልኝ እንቢ እንዳልኩ እዘልቃለሁ፣ እሷም ትማራለች» አሉኝ። «ካልደረሰልኝ ግን በምን አፌ? እስቲ እርስዎ የተማሩት ይንገሩኝ። ልዝራው ወይስ ልጆቹ ይብሉት?»

«እንጃ» ማለት ምን ነበረበት? እስከዛሬ ይቆጨኛል። ወጣሁና ጣቴን በምራቄ አርጥቤ ወደ ላይ አነሣሁ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። መጽሐፉ ትክክል በመሆኑ ልቤ አበጠ፤ ስለ ልጅቱ የሰማሁትን ለጊዜው ረስቼው ነበር።

«እትዬ፣ ይህ የበጋ ነፋስ ነው» አልኳቸው። «ከምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ ዝናብ አያመጣም። ዘርዎን አፈር ላይ አይድፉት።»

ማሳቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ገቡ። እኔም ሰው የረዳሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጎረቤቶቹ ማረሳቸውን አልተዉም። አከራዬ አንድ በሬ ነበራቸው፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤታቸው ጋር አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። ሰውዬው በሬውን ይዞ ቢመጣ የተማረ ሰው ነግሮኛል ብለው መለሱት። እሱም በእኔ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አከራዬ አንድ ሰሐን ትኩስ የገብስ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ይጣፍጣል። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ሒሳብ እያስተማርኩ ሳለ፣ በምሥራቅ በኩል ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ። ዳገቱን ይዞ ወጣ፣ ማሳውን ሸፈነ፣ ከዚያ ጣሪያው መንጫጫት ጀመረ። ዝናብ! ወደ መስኮቱ ሄጄ እጄን አወጣሁ። ነፋሱ ያው ነው፣ ከምሥራቅ። ልጅቱ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ይኼ ደረቁ ነፋስ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ልትከሰኝ አልነበረም፤ ሊገባት ፈልጋ ነው።

ዞረብኝ። ነገ እንነጋገራለን ብዬ ክፍሉን በተንኩ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት፤ ስለ በልግ አንድ መስመር የለውም። ዲሬክተሩን ብጠይቀው መጽሐፉ ስለ ክረምቱ ነው፣ ስለ በልጉ ማን ተንብይ አለህ ብሎ ሳቀብኝ። ቤቴ በሩጫ ደረስኩና አከራዬን አሁኑኑ ይዝሩ አልኳቸው።

«የቱን ዘር?» አሉኝ። «በላነው እኮ። እርስዎም ቀምሰዋል።»

ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ዘር ፍለጋ መንደሩን ዞርኩ። ሁሉም ያለውን ዘርቶ ጨርሷል። ጎተራው ያልተሟጠጠ አንድ ሽማግሌ ቢገኙ፣ ማሳቸው ገና አልታረሰም፣ ታርሶ ቢዘራም ሳይደርስ ክረምቱ ይቀድመዋል፣ ደግሞ ሌላ ዘር አታስጥፋ ብለው አሰናበቱኝ። ምን ይዋጠኝ?

ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ነገሩ ትንሽ የገባኝ። ለካ ዋናው ነፋሱ ከየት አቅጣጫ መምጣቱ ሳይሆን በምን ላይ አልፎ መምጣቱ ኖሯል። በበጋ ከዐረብ በረሃ የሚመጣው ባዶውን ይመጣል። በበልግ የሚመጣው ግን የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ ውሃ ተሸክሞ መጥቶ፣ የመንዝን ገደል ሲወጣ ያራግፈዋል። የረጠበ ጣት ሁለቱን አይለይም። ሁለቱም ምሥራቅ ናቸው። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ዓምና ጀምሮ ለምን ቀረ? በዚያ ዓመትስ ለምን መጣ? የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄያለሁ፣ አስረድተውኛልም፤ ሰምቼ ስወጣ ግን ይብስ ይደናገረኛል።

ግንቦት ላይ የሰዉ ገብስ ሁሉ አሽቶ የአከራዬ ማሳ መሀል ላይ አረም ብቻ ይዞ ቀረ። አጎትየው መጣ። እሳቸውም ሳይከራከሩ ተቀበሉት። ሽማግሌ ሆኜ ልለምነው ሞከርኩ፤ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ ሦስት አፍ የሚቀልበው መምህሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሊወስዷት አንድ ቀን ሲቀራት ልጅቱ በራፌ ላይ መጥታ ቆመች። ልትሰናበተኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

«መምህር፣ ራቤል ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አለችኝ። እዚያ ገብስ የምትዘራው እሷ ናት።

እንደማላውቅ ነገርኳት። እዚያ ስትደርሺ የአገሩን ሰዎች ጠይቂ አልኳት። እሷ ግን አልሄደችም። የምጨምረው ያለኝ መስሏት፣ እናቷ ከጓዳ ሁለት ጊዜ እስኪጠሯት ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።