ሳይጠሩ ውኃ ላይ

ከብቶቹ ካለቁ በኋላ ትንቢት ሁለተኛውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለማን ብላ ተማረች? እኔና እሷ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች ነን፤ ብዙ አስቤበታለሁ።

ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ ጀርባ ያደገች የወታደር ልጅ ናት። ከኮሌጅ ቪዥዋል ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ይዛ ወጣች። በድርቁ ዓመት ለውኃ ኮሚቴው ከብት ውኃ የሚጠጣበትን ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም በዚያው ሠራች፤ ተራው የደረሰ ሰው በስልኩ መልእክት ይላክለታል። ቀድሞ ተራውን በቃላቸው ይጠሩ የነበሩት ሽማግሌ "እንግዲህ ማሽኑ ይጥራ" ብለው ተዉት።

ፕሮግራሙ ግን ከቢሮው ኮምፒውተር ሌላ አያውቅም። ባልደረባዋ እሙሽ ትወተውታት ነበር።

"ጃቫ ተማሪና ስልክ ላይ ጫኚው። መብራት የሄደ ቀን ምን ይውጥሻል?"

"አንዱን ቋንቋ በደንብ ማወቅ ይበቃል።"

"ነገሌ ተወልደሽ? እዚህ ፍየል ሻጩ እንኳ በሦስት ቋንቋ ይዋሻል!"

ተሳሳቁ። በሳምንቱ መብራት ጠፋ፤ ሳይመለስም ሰነበተ፤ ኮምፒውተሩም መልእክት መላክ አቆመ።

ተራ ከሚጠብቁት አርብቶ አደሮች አንዱ ኦቦ ጃልዴሳ ከብቶቻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ነበሩ። በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ ሳይጠሩ ውኃ ላይ መምጣት ነውር ነው። ስልካቸውን እያዩ ጠበቁ። ላሞቹ ከተኙበት መነሣት ሲያቅታቸውም የሰው ተራ አልተጋፉም።

ከብቶቹ ካለቁ በኋላ ብቻቸውን ወደ ቢሮ መጡ።

"ኦቦ፣ ምነው ዝም ብለው ቢመጡ?" አለቻቸው ትንቢት።

"ሳትጠሪኝ?"

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ጃቫን የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ "አይቻልም ስል የኖርኩት ማሽኑ የማይችለውን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔ የማላውቀውን ነው" አለችኝ። ፊቷ ከስቷል። አዲሱን ስትማር የአሮጌው ሥራዋ ጉድለትም ይታያት ጀመር፤ እሱንም አፍርሳ ሠራችው።

ባለፈው ዓርብ መብራት አልነበረም። ሌሊቱን ስትሞክረው ያደረችው ፕሮግራም ጠዋት ከስልኳ መልእክቱን ላከ። የኦቦ ጃልዴሳን ስም ከተራው አላወጣችውም ነበር። ወዲያው ደወሉ፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ስለከፈተችው ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ተሰማኝ።

"አካም፣ ልጄ። ናጋ?" ሲሉ በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቋት።

"ናጋ፣ ኦቦ። ደረሰዎ?"

"ደረሰኝ። ጠራሽኝ። ምን እየነዳሁ ልምጣ?"

ከደጅ የሌሎች ከብቶች ወደ ውኃው ሲነዱ ድምፃቸው አለፈ። ስልኩን ይዛ ከተቀመጠችበት ስትነሣ የእሷ አልጋ ሲንቋቋ የሰማሁት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።