ጣራው ጋ የማይደርሰው ግድግዳ

ይህ ከደረሰብኝ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። የማልረሳው በበሽታው ምክንያት ሳይሆን ያዳኑኝን ሰው ስለተቀየምኋቸው ነው።

የዱርቤቴ ከተማ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ስቀጠር ሹም አቦ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መስኮት የላትም። በአንድ ጣራ ሥር አራት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ መለያያቸው የጭቃ ግድግዳ ሲሆን ጣራው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ክረምት ግድግዳውን ያልበዋል፤ በጋ እኔን ያልበኛል።

ከጎኔ እትዬ ዘይነባና ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ጋሽ ሰይድ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራሉ። በቀሩት ሁለት ክፍሎች አራት ሰዎች አሉ።

አንድ እሑድ ጠዋት እትዬ ዘይነባ በሬን አንኳኩ።

«ሳልህ ሦስት ሳምንት አለፈው» አሉኝ።

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ይህን ያህል አይከርምም። ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ሳሌን ቁጭ ብለው በመቁጠራቸው ተናደድሁ። መሥሪያ ቤት እንዳይሰማብኝም ፈራሁ። በማግስቱ ግን በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝና ሄድሁ።

ሲስተሯ «እቤት ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልሁ።

«አሥራ አንድ ነን» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ሲስተሯ እያፈራረቀች አየችን። እትዬ ዘይነባ የግድግዳውን ነገር አስረዷት። አሥራ አንድ ብላ ጻፈች።

የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ጎረቤት ተመረመረ። የእትዬ ዘይነባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሐያትም ተይዛለች። ሲስተሯ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ አይታወቅም አለች። እኔ ግን ከእኔ ነው ብዬ አመንሁ። እቤት ገብቼ ፍራሼን መጠቅለል ጀመርሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«ሌላ ቤት ልፈልግ ብዬ ነው።»

«እዚያስ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማን ያስውጥሃል? ፍራሽህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ከሐያት ጋር ተሰልፌ ዋጥሁ። ሐያት መዋጧ እንዲታወቅ አፏን ከፍታ ታሳያለች። እኔም እንድከፍት ታዘዝሁ። ከፈትሁ።

አከራያችን ስለ መስኮት ሲጠየቁ «መስኮት ሌባ ያስገባል» ይሉ ነበር። ለለቅሶ አገር ቤት በሄዱበት ሳምንት ጋሽ ሰይድ የሁለታችንንም ክፍል የውጭ ግድግዳ ቆርጠው፣ ከጀልባ በተረፈ ሳንቃ መስኮት ገጠሙለት። አከራዩ ሲመለሱ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት።

«ቀለም ቢቀባ ይሻለው ነበር» አሉ።

ሐያትም እኔም ዳንን። እኔ አግብቼ ወደ ሰባታሚት ገባሁ። ቤቱ ብሎኬት ነው፤ በሁሉም ክፍል ብርሃን ይገባል፤ በጤናም ደኅና ነኝ። ባለፈው ወር አጥር የምንጋራው ሰው ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር የሰማሁት ከመሥሪያ ቤት ነው። ልጠይቃቸው ወጥቼ የትኛው በር የእሳቸው እንደሆነ የሰፈሩን ዘበኛ ጠየቅሁ።

ሰውየው በሩን ከፍተው «ማን ልበል?» አሉኝ።

«ጎረቤትዎ ነኝ» አልኋቸው። በበሽታዬ ጊዜ እንኳ እንዲያ አላፈርሁም።