ያልተሳበ ማሰሪያ

ሙላው ወርቅአፈራሁ ጣራ ሠርቶ ቆርቆሮ ከማልበሱ በፊት የቤቱን ባለቤት መሰላል ላይ ያወጣ ነበር። የቡና ነጋዴ ይሁን ጉልት ቸርቻሪ፣ ጎልማሳ ይሁን ሽማግሌ፣ ከዚህች ግዴታ የሚያመልጥ የለም። ቆርቆሮውን የሚሸከመውን ወራጅ ከግድግዳው ጋር ያሰረበትን ማሰሪያ እያሳየ «ይሳቡ» ይለዋል። ሰውየው አፈር ብሎ በሁለት ጣቱ ነካ ያደርገዋል።

«እንደሱ አይደለም! ልጅዎን ያስኮበለለውን ጎረምሳ ኮሌታ እንደያዙ አድርገው ይሳቡ!»

ከታች የቆሙት ይስቃሉ። ባለቤቱን እልህ ይይዘውና በሁለት እጁ ይንጠለጠልበታል። ማሰሪያው ካልተነቃነቀ ሙላው እጁን ያራግፍና «በሉ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» ይላል። ከነቀምቴ እስከ አኖ፣ ከአኖ እስከ ኑኑ ቁምባ፣ በእርሱ እጅ የተከደነ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያንን ቀን ያስታውሰዋል።

ልማዱን የወረሰው ከአባቱ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው አንገር ሸለቆ ሲራገፉ ሙላው ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የሰፈራ ጎጆዎቹን በዘመቻ የመጡ ሰዎች በጥድፊያ አቁመዋቸዋል። በረድፍ በረድፍ ተሰድረው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። አንድ ባለሥልጣን በመኪና መጥቶ ቆጠራቸው፣ ተጨበጨበለት፣ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ከሸለቆው የተነሣ ነፋስ የአርባ ጎጆ ክዳን ገፎ ሜዳ ላይ በተነው። ሙላው ከዚያ ቀን ያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ ተደፍታ፣ ታናሽ እህቱን ከደረቷ ሥር አድርጋ፣ ዝናቡ በጀርባዋ ላይ ሲወርድ። እህቱ ያንን ክረምት አልጨረሰችም።

አባቱ ማንንም አልተሳደበም። ጫካ ገብቶ ልጥ ልጦ መጣና ከመጀመሪያው ጎጆ ጀምሮ ክዳኑን ከምሰሶው ጋር እንደ አዲስ አሰረ። አስሮ ሲጨርስ የጎጆውን ባለቤት ይጠራል። ራሱ ስቦ ያላየ ሰው እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ይቆማል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ በኋላ ለመደው። ነፋሱ በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ የተነሣ ክዳን አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት በቡርቃ ጃቶ ዳርቻ የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ማኅበር ሃያ አራት ቤቶች ማሠራት ሲጀምር ለጣራው ዋና አናጺ ሙላው ተቀጠረ። ሥራ ተቋራጩ ተረፋ ይባላል፤ ሁሉንም ሰው «ኦቦሌሳ» እያለ ወንድሙ የሚያደርግ፣ የማንንም ልጅ ስም የማይረሳ፣ ሲስቅ ትከሻ የሚያቅፍ ሰው ነው። ሳይቱ ታጥሯል፤ እስከ ርክክቡ ቀን ባለቤቶቹ ያለ ፈቃድ አይገቡም። ሙላው ይህ ቅር ቢለውም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቤቶች በፕላኑ መሠረት ተሠሩ። ከግድግዳው አናት ከሚዞረው የኮንክሪት ቢም ውስጥ ቀጫጭን ፌሮዎች ሽቅብ ወጥተዋል፤ እያንዳንዱ ፌሮ ወራጁን አቅፎ ይታጠፋል፣ በሽቦ ይጠመዘዛል። ሙላው ባለቤት ቢያጣ ረዳቶቹን ተራ በተራ አሳባቸው።

ሰባተኛው ቤት ላይ ሲወጣ ቢሙ ልሙጥ ነው።

«ፌሮዎቹስ?» አለው ተረፋን።

«የምን ፌሮ?»

«ወራጁን የሚይዘው ነዋ! ሲሚንቶው ሲሞላ አብሮ የሚቀበረው።»

«አይ ኦቦ ሙላው! ፌሮ የት እንደደረሰ አልሰማህም? ሚስማር የተፈጠረው ለምን ይመስልሃል?»

«ነፋስ ሚስማር ይነቅላል።»

«የእናንተ የአንገር ነፋስ ይነቅል ይሆናል። ይሄ ከተማ ነው፣ ነፋሱም የሠለጠነ ነው።» ሠራተኞቹ ሳቁ። ተረፋ ትከሻውን አቀፈውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮርኒስ ይሸፍነዋል፣ ኦቦሌሳ። ማን ጣራ ከፍቶ ያያል?»

ሙላው መዶሻውን ሰብስቦ መሄድ ነበረበት። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው። ግን ያን ዓመት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አያስኬድም ነበር፤ በየገጠሩ ከተማ የነበረው ሥራ ሁሉ ቆሟል፣ በእርሱ እጅ የሚበሉ ሦስት አናጺዎች አሉ። «ይቺን አንድ ቤት ብቻ» አለ በልቡ። አንዷ ቤት አሥራ ስምንት ሆነች። ቆርቆሮውም ሳሳ፤ አንሥተው ሲያውለበልቡት እንደ ጋዜጣ የሚንኮሻኮሽ ዓይነት መጣ። የቆርቆሮ ሚስማሩ ያለ ጎማ ተመታ።

አሥራ አንደኛው ቤት የመምህርት ሊሊሴ ነው። ሙላው ሊሊሴን ከልጅነቷ ያውቃታል። አኖ ላይ የእናቷን የአዴ ደራርቱን ቤት ሲሠራ፣ እናቷ መሰላል ላይ ወጥተው እጃቸው እስኪላጥ ማሰሪያ ሲስቡ፣ እሷ ከታች ሆና «ሀርሜ፣ በርቺ!» እያለች ስትዘል ነበር። አሁን የራሷ ቤት ሊከደን ነው ሲባል ዘበኛውን ለምና፣ በቅል በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዛ፣ ከእናቷ ጋር ገባች።

«ኦቦ ሙላው፣ ልውጣ? እኔም ተራዬ ደረሰ አይደል?» ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

ሙላው ከጣራው ላይ ቁልቁል አያት። ከእግሩ ሥር አንዲት ማሰሪያ እንኳ የለችም።

«አያስፈልግም፣ እቴ» አላት። «የአሁኑ አሠራር ሌላ ነው። በኢንጂነር የተሠራ ነው።»

ሊሊሴ ትንሽ ቅር አላት፣ ጫማዋን መልሳ አደረገች። አዴ ደራርቱ ጣራውን ቀና ብለው አይተው ጭኮውን ማካፈል ጀመሩ። ሙላው ድርሻውን ተቀብሎ በላ።

ርክክቡ ደማቅ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ በየበሩ ቁጥር ተለጥፏል። ያን ዕለት ከመጣው እንግዳ ሁሉ ጣራው በምን እንደተያዘ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ቀለሙን ግን ሁሉም አደነቀ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ሙላው እንጨት ቤቱ ውስጥ በር እየላገ ነበር። በመጀመሪያ በረዶው መጣ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፤ ከዚያ ከበረዶውም ከነፋሱም የተለየ፣ ቆርቆሮ ከእንጨት ሲላቀቅ የሚያሰማው ጩኸት። ያንን ድምፅ ያውቀዋል። መላጊያውን ጥሎ ወደ ቡርቃ ጃቶ ሮጠ።

ሲደርስ አልቋል። ከአሥራ ስምንቱ የአሥራ አንዱ ጣራ የለም። ቆርቆሮው ከባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይንኳኳል፣ ወራጆች ከነሚስማራቸው መንገድ ላይ ተጋድመዋል። ሚስማሮቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ አልተጣመሙም እንኳ፣ እንደ ተበላሸ ጥርስ ተነቅለው ወጡ እንጂ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቤቶች ጣራ ቆሟል። አሥራ አንደኛው ቤት በር ላይ ሊሊሴ የራሰ ፍራሽ ጫፍ ይዛ ቆማለች። አዴ ደራርቱን ወራጅ ትከሻቸው ላይ ወድቆባቸው ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል።

በማግስቱ ሊጠይቃቸው ሄደ። ክንዳቸው ከደረታቸው ጋር ታስሯል።

«ሙላው» አሉት፣ እንደ ሌላ ጊዜው «ልጄ» ሳይሉ። «አኖ ላይ እጄ እስኪላጥ አሳብከኝ። ያ ቤት ሸጥነው እንጂ አልፈረሰም። እዚህ ልጄን ለምን አላሳብካትም?»

ሙላው ያመጣውን ብርቱካን አስቀምጦ ወጣ።

በሳምንቱ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ሮብሳን የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቅን ሰው፣ የራሱም ጣራ የሄደበት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ጉዳቱ የደረሰው «ከተለመደው ውጭ በሆነ የተፈጥሮ አደጋ» መሆኑን፣ ቤቶቹም «በፕላኑ መሠረት የተሠሩ» መሆናቸውን ይናገራል። ሥራ ተቋራጩና ዋናው አናጺ ከፈረሙበት የእርዳታ ቆርቆሮ ይመጣል። ተረፋ ፈርሞ እስክሪብቶውን ለሙላው አቀበለው።

ሙላው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። የተፈጥሮ አደጋ! የዚህ አገር ነፋስ በየዓመቱ በበልግ መውጫ ላይ ይመጣል፤ ሕፃን ያውቀዋል። ፌሮውን ከቢሙ ያስቀረ ነፋስ ነው? ጎማውን ከሚስማር ያወለቀ በረዶ ነው? ነፋስ አይከሰስም፣ መጥቶም አይመልስም፤ ለዚህ ነው ሁሉም በእርሱ ላይ የሚጭነው። ደሙ ፈላ። ወዲያው ግን ከራሱ ጋር ተፋጠጠ፤ ይህ ወረቀት እርሱንም ነፃ ያወጣዋል። ቢፈርም ማንም፣ መቼም፣ ምንም አይጠይቀውም። ሊሊሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ኦቦ ሙላው» አለ ሮብሳን በልመና፣ «ሰው ዝናብ ላይ ነው። ይፈረም፣ ቆርቆሮው ይምጣ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ ይታያል።»

«ቆርቆሮው መጥቶ በምን ይያዛል?»

«በምን ይያዛል ማለት?»

«ያው ሚስማር መልሰን ልንመታበት ነው? በዓመቱ ደግሞ ሌላ ወረቀት ልንፈርም?» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አሥራ ስምንቱ ቤት አልታሰረም። ፌሮ የለውም። አውቄ ነው የከደንኩት።»

ተረፋ ሳቀ፤ ግን ትከሻውን የሚያቅፈው ሰው አጠገቡ አልነበረም። «መዶሻውን የያዝከው አንተ! ሚስማሩን የመታኸው አንተ! ዛሬ መስካሪ ሆንክልን? ስድስቱ የተረፉት ከኋላቸው ያለው ኮረብታ ስለጋረዳቸው ነው፤ ይሄን ማንም ያውቃል።»

«መዶሻውማ የኔ ነው፣ አልካድኩም። ስሜን አስቀድማችሁ ጻፉት። ኮረብታው ይሁን አይሁን ግን ኑና ሳቡ።»

መሰላል ተሸክሞ ወጣ። ስብሰባው ሁሉ ተከተለው። ቁጥር ሦስት ቤት ውስጥ አንድ ኮርኒስ ገለበጠና ሮብሳንን አወጣው። ሮብሳን ፌሮውን በአንድ እጁ ሳበ፣ በሁለት እጁ ሳበ፣ በመጨረሻ ተንጠለጠለበት፤ ምንም የለም። ከዚያ ጣራው ወዳልተነሣው ወደ ቁጥር አሥራ አራት ሄዱ። ኮርኒሱ ሲገለበጥ ሮብሳን የሚስበው ነገር ፈልጎ አጣ። ወራጁን በመዳፉ ወደ ላይ ገፋው። እንጨቱ ሲጢጥ ብሎ ከቢሙ ተነሣ፤ በመሐሉ የቀን ብርሃን ገባ።

የዚያ ቤት ባለቤት፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ «ከዚህ ሥር ነው ልጆቼን የማስተኛቸው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ጫጫታው በኦሮምኛም በአማርኛም ነበር፤ ስድቡ ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ተረፋ ስልኩ የተጠራ መስሎ ወደ መኪናው ሄደ። ሮብሳን ከመሰላሉ ወርዶ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደውና ለጸሐፊዋ «ሌላ ወረቀት አምጪ» አላት።

ሊሊሴ ሰው እስኪበታተን ጠበቀች።

«ያን ቀን ልውጣ ስልህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ጭኮአችንን በላህ።»

ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

አዲሱ ወረቀት ማኅበሩ ከመሠረተው ክስ ጋር በየቢሮው ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ነው። የእርዳታው ቆርቆሮ ዘገየ፤ በዚህ ሙላውን የሚረግሙት አሉ፣ የሙላውም ስም ከተረፋ ቀጥሎ በክሱ ላይ ሰፍሯል። ማኅበሩ ግን ከወደቀው ቆርቆሮ ደህና ደህናውን ለቅሞ ይጠግናል። ሙላው ማንም ሳይጠራው ብሎኬት የሚበሳ ድሪል ተውሶ፣ ወፍራም ሽቦ ተሸክሞ፣ በአሥራ አንደኛው ቤት ጀመረ። ሊሊሴ በሩን ከፈተችለት፤ ሰላምታ ግን አልሰጠችውም፣ መሰላሉንም አልያዘችለትም። ከቢሙ ሥር ብሎኬቱን በስቶ ሽቦውን አሳልፎ ወራጁን አቅፎ ጠመዘዘ። እስከ ቀትር ድረስ አራት ማሰሪያ አሰረ።

ከሆስፒታል የተመለሱት አዴ ደራርቱ ከአልጋ ተነሥተው ወንበር አስመጡ፤ ከመሰላሉ ሥር ተቀመጡ። መሰላል መውጣት አይችሉም። ሙላው የሽቦውን ጫፍ አስረዝሞ ወደ ታች ለቀቀላቸው። በደህናው እጃቸው ጠቅልለው ያዙና፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ሳቡ።

«ይቺ ላልታለች» አሉ።

ሙላው ወጥቶ አያት። አልላላችም። ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ፣ ፈታት፣ እንደገና አሰራት፣ ጫፏንም መልሶ ወደ እጃቸው ለቀቀላቸው።