ገመድሽ የት ነው?

እኔ ከፍታ አልፈራም። ፎርማን እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ የሰበታ ሚኒባስ በዝናብ ሲቀድም ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ከፍታ ግን አስጨንቆኝ አያውቅም። ቀለም ቀቢ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አንጋጦ የሚያየው ቦታ ላይ ቆሜ ኖሬያለሁ። "ሴት ልጅ እዚያ ላይ ምን ትሠራለች?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ "ቀለም ትቀባለች፣ አይታይህም እንዴ?"

ይህ ድፍረት ግን ከእናቴ ሆድ ይዤው የመጣሁት አይደለም፤ ከኦቦ ያገኘሁት ነው። ስማቸውን ልተወውና ሁላችንም ሳይቱ ላይ እንደምንጠራቸው ኦቦ ልበላቸው። የሰበታ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል፣ ሙያቸው አናጺነት ነው። እኛ ቆመን የምንሠራበትን የአጣና መወጣጫ ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚሠሩልን እሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱን አጣና በመዶሻ ጀርባ መታ አድርገው ድምፁን ካልሰሙ አይጠቀሙበትም። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ወገቤ ላይ ገመድ አሰሩልኝና ጫፉን አስያዙኝ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ፣ "ይኼን ከአጣናው ጋር እንዳታስሪው። አጣና እርጥቡም አለ፣ የነቀዘውም አለ። ከቤቱ ጋር እሰሪው። መወጣጫው ቢሄድ ቤቱ ይይዝሻል።"

አንድ ቀን እውነትም መወጣጫው ሄደ። ሳንቃው ከእግሬ ስር ተንኮታኩቶ ሲወርድ እኔ የመስኮት ብረት ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ! ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ቦታ በደረስኩ ቁጥር እጄ ራሱ ቤቱን ፈልጎ ያስራል። ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ እንደማማትበው ነው፤ አስቤ አላደርገውም።

ባለፈው ዓመት እዚያው ሰበታ አንድ ትልቅ መጋዘን ለመቀባት ስንገባ አሠሪያችን ማንሊፍት ተከራየ። አራት ጎማና ረጅም ክንድ ያለው ማሽን ነው፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምበት የብረት ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ውስጥ ቆመሽ ፔዳሉን በእግርሽ እየረገጥሽ፣ መሪውን በእጅሽ እየነካሽ ወደፈለግሽበት ትሄጃለሽ። ፎርማኑ ሁላችንንም ሰበሰበና ወደ እኔ ጠቆመ፤ "አንቺ ከፍታ አትፈሪም፣ ትሰለጥኛለሽ።" ልቤ ዘለለች። ወዲያው ግን ወደ ኦቦ ዞሮ፣ "ኦቦ፣ እንግዲህ መወጣጫ አያስፈልገንም። የቆመውን ያፍርሱልንና ከዚያ በኋላ ይረፉ" አላቸው።

ይረፉ! እኔ ኦቦን አውቃቸዋለሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ድምፅ የለም፤ ልጆቻቸውም ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። እሑድ እንኳ ሳይት መጥተው ከዘበኛው ጋር ይቀመጣሉ። "ቤት ከዋልኩ ግድግዳው ያንቀኛል" ብለውኝ ያውቃሉ። አሁን ግን "እሺ" ብቻ ብለው መዶሻቸውን አነሡ። የእኔ ደስታ አፌ ላይ ደረቀ። እኔ የተመረጥኩበት ማሽን እሳቸውን ሊያባርር ነው፤ ዓይናቸውን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ስልጠናው ሦስት ቀን ነበር። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው። ኦቦ ከኛ አሥር እርምጃ ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መወጣጫቸውን ያፈርሳሉ፤ የነቀሉትን ሚስማር ድንጋይ ላይ እያቃኑ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። አሰልጣኙ ማሽኑ ሥር ያለውን ቀይ ቁልፍ አሳየን፤ እሱ ከተመታ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ላይ ያለው ሰው ካቃተው ደግሞ ከታች ሆኖ ቅርጫቱን ማንቀሳቀስ እንዴት እንደሚቻል አሳየን። ከዚያ ደጋግሞ፣ "የወገብ ቤልታችሁን መንጠቆ ቅርጫቱ ውስጥ ካለው ቀለበት ጋር ብቻ! ቤቱ ባለበት ይቆማል፣ ቅርጫቱ ግን ይሄዳል" ይላል። ስንቴ ይደግመዋል ብዬ ተናደድኩ።

"ገብቶናል፣ ሕፃን አይደለንም" አልኩት።

"ኦቦ፣ ይምጡና ይዩ እንጂ" ብዬም ተጣራሁ።

"የኔ ጉዳይ አይደለም። ሚስማሬን ልንቀልበት።"

ሦስተኛው ቀን ፈተና ነው። ለኦቦም የመጨረሻው ቀን ነው፤ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነበር። ቤልቴን ከቀለበቱ ጋር አስሬ፣ ለአሰልጣኙ አሳይቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ጣሪያው ብረት ጋ ስደርስ የአሰልጣኙ ስልክ ጮኸና ለማነጋገር ወደ በሩ ወጣ። እኔ ብሩሼን ይዤ ወደ ብረቱ ዘንበል አልኩ።

መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም። እጄ መንጠቆውን ከቀለበቱ ፈትቶ የጣሪያው ብረት ላይ አስሮታል። ዛሬም ሳስበው እጄን እታዘበዋለሁ! ያቺን ቦታ ጨረስኩና ቅርጫቱን ወደ ታች ነዳሁት። ቅርጫቱ ወረደ፣ እኔ ግን ቤልቴ ወደ ላይ ያዘኝ። የቤልቱ ገመድ ተወጠረ፣ ወገቤ ተሰቀለ፣ ሆዴ ከቅርጫቱ ብረት ጋር ተጣበቀ። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ይለቃል ይባላል፤ እኔ ጭራሽ መሪውን ጨበጥኩት፣ እግሬም ፔዳሉ ላይ ደረቀ። "እመቤቴ!" ከማለት በቀር ምንም አልቻልኩም።

"ዻቢ! ዻቢ! አቁሚ!" የሚል ኦሮምኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ማሽኑ ጸጥ አለ።

ወደ ታች ሳይ ኦቦ መዳፋቸውን ቀዩ ቁልፍ ላይ ጭነው ወደ እኔ አንጋጠዋል። ሚስማሩ ሁሉ መሬት ላይ ተበትኗል። "አይዞሽ፣ እንዳትነቃነቂ" አሉኝ፣ ረጋ ብለው። ቁልፉን ሳብ፣ የጎኑን መክፈቻ ዞር፣ ማንሻውን ቀስ አድርገው ገፋ ሲያደርጉት ቅርጫቱ ስንዝር ያህል ከፍ አለልኝ። ገመዱ ላላ።

"አሁን ፍቺውና ከቅርጫቱ ጋር እሰሪ።"

አሰርኩ። እሳቸው ራሳቸው አወረዱኝ። ጎማው ሥር ዝርፍጥ አልኩና፣ "ይህን ማን አሳየዎት?" አልኳቸው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮህ ጆሮ የለኝም እንዴ?"

ፎርማኑ እየሮጠ ደረሰ። "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማሽን እንዳትነኪው!" ብሎ ጮኸብኝ። ኦቦ ግን መሐል ገብተው ቆሙ።

"እሷን ተዋት። ከቤቱ ጋር እሰሪ ያልኳት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያስለመድኳትን በሦስት ቀን እንዴት አድርጋ ትርሳው? ጥፋቱ የኔ ነው።"

የሚባረር ሰው፣ በመጨረሻ ቀኑ፣ የሌላ ሰው ጥፋት ጠቅልሎ ወሰደ። እንባዬ መጣ። አሰልጣኙም ፊቱ አመድ መስሎ ደርሶ ነበርና፣ "ጥፋቱ የኔም ነው፣ ጥያት መሄድ አልነበረብኝም" አለ። ከዚያ ወደ ፎርማኑ ዞረ። "ግን ልጠይቅህ፤ ታች ቆሞ የሚጠብቅ፣ ይህን ቁልፍ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማሽኑ መነሣት የለበትም ብዬህ ነበር። ማንን መደብክ?"

"ዘበኛውን አስቤ ነበር" አለ ፎርማኑ።

"ዘበኛው አሁን የት ነበር?"

ሁላችንም ኦቦን አየን። እሳቸው ጎንበስ ብለው የተበተነውን ሚስማር ይለቅማሉ። ፎርማኑ ጭንቅላቱን አከከና፣ "ኦቦ፣ ነገ ይመጣሉ?" አላቸው።

"ነገማ መምጣቴ አይቀርም፣ ሚስማሩን መች ጨረስኩ" አሉ ቀና ሳይሉ። እኔ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ የማሽኑ የታች ጠባቂ ሆነው አብረን ቡራዩ ሠርተናል፣ አሁን ሱሉልታ ነን። ኦቦ ከፈረሰው መወጣጫ አንዲት አጣና አስቀርተዋል። ማሽኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጎማው የሚያልፍበትን መሬት በሷ እየመቱ ድምፁን ይሰማሉ። ቡራዩ ላይ አንድ ቦታ ቆመው "በዚህ አይኬድም" አሉ፤ ቢቆፈር አፈር ብቻ የለበሰ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ፎርማኑ ያን ቀን ምሳ ጋበዛቸው። እኔ ደግሞ ከመነሣቴ በፊትም ላይ ከደረስኩ በኋላም ከታች ይጮሁብኛል።

"ገመድሽ የት ነው?"

"ቅርጫቱ ላይ!"

"አልሰማሁም!"

"ቅርጫቱ ላይ!" በአስፋልቱ ዳር የሚያልፉ ሯጮች ሳይቀሩ ይስቁብናል።

አሰልጣኙ ለሁለተኛ ዙር ሲመጣ ኦቦም ሰለጠኑ። ባለፈው ሳምንት ሥራ ስንጨርስ ኮፍያቸውን አጥብቀው "ዛሬ እኔ ልውጣ፣ አንቺ ታች ሁኚ" አሉኝ። ቤልታቸውን ቀለበቱ ላይ አስረው አሳዩኝ፣ ወጡም። ላይ ሲደርሱ ቆመው ወደ እንጦጦ በኩል ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አሸንዳውን ሊነኩ ወደ ሕንፃው ዘንበል ሲሉ እጃቸው ወደ መንጠቆው ሲሄድ አየሁ። ፈታው። ወደ ጣሪያው ብረት ዘረጋው።

መዳፌን ቀዩ ቁልፍ ላይ ጫንኩ።

"ኦቦ! ገመድዎ የት ነው?"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። ከዚያ መንጠቆው ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ሲል እታች ድረስ ተሰማኝ።

"ቅርጫቱ ላይ" አሉ፣ በቀስታ።

"አልሰማሁም!"

"ቅርጫቱ ላይ ነው አልኩሽ!"

እግራቸው መሬት እስኪነካ ድረስ እጄን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አላነሣሁም።