ዳቡስ ውስጥ ደረቅ እግር

ሙርሳል እግሩን ለጤና ጣቢያው ነርስ ያሳየው ሚስቱ ስላስገደደችው ነው። በግራ እግሩ ጣቶች መሃል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ነርሷ ቅባት ሰጠችው፤ ቅባቱ ብቻውን እንደማይበቃም ነገረችው። እግሩ ደረቅ ሆኖ ካልዋለ ቁስሉ አይድንም።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችው።

"ዓሣ።"

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲያው ክረምቱን ከወንዙ ይራቁ።"

ሚስቱ ዐፊፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሙርሳል የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ከባምባሲ ወዲያ ዳቡስ ወንዝ ላይ መረብ መጣል የጀመረው ጢም ሳያወጣ ነው። መረቡን ማታ ይዘረጋል፣ ጠዋት ያወጣል። ቦታ የሚመርጠው በእግሩ ነው። ባዶ እግሩን ይገባና ወለሉን እየረገጠ ይፈትሻል። ለስላሳ ጭቃ ከሆነ አምባዛ አለ። ጠጠር ከሆነ ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ ይጠብቃል። የዛፍ ሥር ከነካው መረቡ እንዳይቀደድ ይርቃል። በዓይናቸው የሚመርጡትን ወጣቶች ይታዘባቸዋል።

ዐፊፋ ሐሳቧን የተናገረችው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ወንድሟ አሶሳ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ይሸጣል። አርጅቷል፣ አብሮት የሚሠራ ሰው ይፈልጋል።

"አቡ ኑሃ፣" አለችው በበርታኛ፤ የኑሃ አባት ማለቷ ነው፣ ኑሃ የበኩር ልጃቸው ናት። "ክረምቱ ሲወጣ እግርህ ካልዳነ አሶሳ እንገባለን።"

"ከዳነስ?"

"ዝም እላለሁ።"

"አንቺ ዝም ስትዪ ለማየት ስል እድናለሁ።"

ቀልዱን ተናገረው እንጂ ሌሊቱን አልተኛም። ሽንኩርት ሲሸጥ ራሱን ማየት አቃተው።

በማግስቱ ውሃ የማያስገባ ጫማ ፍለጋ ባምባሲ ወደ ታምሩ ሱቅ ሄደ። የታምሩ ወላጆች በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ጄሪካን፣ ጃንጥላና ጫማ ይሸጣል። ሙርሳል ከጫማው በፊት የያዘውን ፌስታል ፈታና ጠጠር መሬቱ ላይ ዘረገፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ታምሩ።

"ዳቡስ ነው።"

"አሁን የጠረግኩትን ሱቅ?"

ሙርሳል የጎማ ቦት ጫማዎቹን እየቀያየረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጠሩ ላይ ተራመደ። ኮንጎ ጫማውን አልሞከረውም፤ ቀዳዳ አለው። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ምንም አላሰማውም። በመጨረሻ ሶሉ ስስ የሆነ፣ እግሩን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጥቁር ቦት አገኘ። ጠጠሩን አንድ በአንድ ሰማው። ዓይኑን ገለጠ።

"ይቺ ናት።"

"ጣትህ እኮ ታጥፏል።"

"ይለቃል።"

"ጎማ አይለቅም። ቆዳ መሰለህ?"

"እግር የኔ ናት።"

"ጫማውም እስካሁን የኔ ነው። ወንዝ ከገባ አልመልስም።"

ሙርሳል ገዝቶ ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደስ ብሎት ነበር። ወለሉን ይሰማዋል፣ ውሃ አይገባም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል እግሩ ማላብ ጀመረ። ቦቱ ጥብቅ ስለሆነ ላቡ መውጫ የለውም። ጎማው ደግሞ የወንዙን ቅዝቃዜ ያስገባል፤ ካልሲ እንዳያደርግ ቦታ የለም። እኩለ ቀን ላይ ጣቶቹ ደነዘዙ።

የዳቡስ አስጋሪዎች የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ወንዙ ዳር አብረው ይሰግዳሉ። የሚያሰግደው በዕድሜ ትልቁ ነው፤ እሱም ሙርሳል ነው። ሰልፉ ቆሞ ጠበቀው። ሙርሳል ውዱእ፣ የሶላቱን ትጥበት፣ ሊያደርግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቦቱን ሳበ። አልወጣም። እግሩ አብጧል።

የመረብ ጓደኛው ዐወድ መጣና ተረከዙን ይዞ ጎተተ።

"ከላዩ ላይ አብሰህ ስገድ፣" አለው ቢጨንቀው።

"ውዱእ ሳይኖረኝ ነው ያጠለቅኩት። አይሆንም።"

"እንግዲያው ከጉልበትህ ላይ ልቁረጠው?"

"ሳብ ዝም ብለህ።"

ዐወድ ሳበ። ቦቱ በድንገት ወጣ፣ ዐወድም ከነቦቱ ወንዙ ውስጥ ተቀመጠ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን ለመያዝ ሳለ። የሙርሳል እግር እንደ ተቀቀለ ነገር ነጭ ሆኖ ተጨማድዷል። ቁስሉ ደምቷል። መቆም ስላልቻለ ኋላ ተቀምጦ ሰገደ። የዚያን ቀን ያሰገደው ዐወድ ነው፤ ሱሪው እየተንጠባጠበ።

ሙርሳል ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። የዐወድ ሚስት ነገረቻት። ዐፊፋ አሶሳን ታነሳለች ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

"ዐወድ አብስ ያለህ ምኑን ነው?"

"ኹፍ በሚባለው የቆዳ ጫማ ላይ እንደሚታበሰው። እግር ሳይታጠብ ጫማው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይቻላል። ሕግ አለው።"

"ሕጉን ታውቀዋለህ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ አይበቃም።"

ዐርብ ከሶላት በኋላ ሼህ ዓብዱልላጢፍ ዘንድ ሄዱ። ሼሁ የመንደሩ መስጊድ ኢማም ናቸው፤ ቶሎ አይናገሩም።

"ጫማው ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን፣" አሉ። "ውሃ አያስገባ። ሳይታሰር በራሱ ይቁም። ተጉዘህበት አይቸግርህ። ንጹሕ ይሁን። ውዱእ አድርገህ፣ እግርህን ታጥበህ አጥልቀው። ከዚያ ካላወለቅኸው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከላዩ ታብሳለህ።"

"ታጥቦ፣ እግሩን በፎጣ አድርቆ ቢያጠልቅስ?" አለች ዐፊፋ።

"ማድረቅ ክልክል አይደለም።"

በመንገድ ላይ ዐፊፋ ነገሩን ዘረዘረችለት። ወንዙ ብቻ አልነበረም እግሩን የሚያረጥበው። በየሶላቱ ይታጠባል፤ ሳያደርቅ እርጥብ ጫማ ውስጥ ይመልሰዋል። ነርሷ ይህን አልጠየቀችም፤ እነሱም አልነገሯትም።

ታምሩ ሱቅ አብረው ገቡ። ታምሩ የያዙትን ፌስታል አየ።

"እባክህ፣ ጠጠር እንዳይሆን።"

"ካልሲ ነው፣" አለች ዐፊፋ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥታ እጇ ላይ አጠለቀችና ቡጢዋን ቦቶቹ ውስጥ እያስገባች ለካች። ጣቶቿ ውስጥ የሚንቀሳቀሱበትን መረጠች። ከጄሪካን ውሃ ሞላችበትና ካርቶን ላይ አቆመችው። ሦስቱም ካርቶኑን ተመለከቱ። አልራሰም።

"ማን ነው እንዲህ ጫማ መግዛት ያስተማረሽ?" አለ ታምሩ።

የሼሁን ቃል ደገመችለት።

"ይህን ሁሉ ዘመን ጫማ ስሸጥ እንዲህ ያስረዳሁት ደንበኛ የለም። እዚህ ብትቀመጪልኝ ጥሩ ነበር።" ወደ ሙርሳል ዞረ። "የድሮውስ?"

"ዐወድ ወሰዳት። እግሩ ትንሽ ናት።"

ውሃው ተደፋ፣ ውስጡ በጨርቅ ተጠረገ፣ ሙርሳል በካልሲ አጠለቀው። እግሩ ሞቀው። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለና ቆመ። ሶሉ ወፍራም ነው።

"ምነው?" አለች ዐፊፋ።

"ወለሉ አይሰማኝም።"

"አሶሳም ወለል አለ። ሲሚንቶ ነው።"

ሙርሳል ቦቱን አላወለቀም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አልቀኑትም። መረቡ ሥር ላይ ተይዞ ተቀደደ። ጭቃ ብሎ የቆመበት ቦታ ዓለት ሆነ። ወጣቶቹ ከእሱ የበለጠ ይዘው ወጡ፤ አንዱ በዓይን መምረጥ ላስተምርህ አለው። ሙርሳል ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ቆረጠና ወለሉን መውጋት ጀመረ። ጭቃው ዘንጉን ይውጠዋል፣ ጠጠሩ ያንኳኳል፣ ሥሩ ይይዘዋል። እጁ ቀስ በቀስ ለመደ። እንደ እግሩ አይደለም፤ ግን ይበቃል። ውሃው ከጉልበት በላይ በሆነበት አይገባም። እዚያ መረቡን የሚዘረጋው ዐወድ ነው፣ በታንኳ።

ንጋት ላይ ቤቱ ውዱእ ያደርጋል። እግሩን በፎጣ ያደርቃል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ቅባቱን ይቀባል፣ ካልሲ ያደርጋል፣ ያጠልቃል። እኩለ ቀን ላይ ከወንዙ ወጥቶ የቦቱን ጭቃ ያለቀልቃል። ውዱእ ሲያደርግ እግሩ ላይ ሲደርስ በእርጥብ እጁ ከላይ ያብሰዋል። ከዚያ ከሰልፉ ፊት ይቆማል። ማታ ዐፊፋ ቦቶቹን ደጃፉ ላይ በተተከሉ ሁለት እንጨቶች ላይ ትደፋቸዋለች። ሊነጋ ሲል አራግፋ ትሰጠዋለች፤ አንድ ቀን እንቁራሪት ወጥቷል።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቀለለ። ዐፊፋ ደጃፉ ላይ አስቀምጣው የግራ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገችና ጣቶቹን ፈለቀቀቻቸው። ቆዳው ገጥሟል። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

"ያማል?"

"አያምም።"

እግሩን መለሰችለት። የእጅ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ዘንድ ደወለችና ለሽንኩርቱ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገረችው።

"ዝም እላለሁ ብለሽ ነበር፣" አለ ሙርሳል ስትጨርስ።

"ስለ አሶሳ ነው ያልኩት። ስለ ካልሲ አላልኩም። አምጣው፣ ይታጠብ፤ ይሸታል።"

ሰጣትና ዘንጉን ሊፈልግ ተነሳ።