ያላነበብኩላቸው ወረቀት

በፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል የሚሏት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረች። ዩሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ዓይን ያቃጥላል። የእንጅባራ ክረምት ነው፤ እኔ በስስ ሹራብ ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ያሰባሰብነውን ፊርማ ሳባዛ ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው የያዙኝ። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ የወል ግጦሽ ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት የቀበሌው ሰው ይጠየቅ፣ ይህም በመመሪያ ይስፈር።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት አስገቡ። ኮንጎ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ጥጉን ይዘው ከተቀመጡ በኋላ አተኩረው አዩኝና በአገውኛ፣ «አንቺ የወረቀቷ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ።

ያኔ አወቅኋቸው። አዲስ ቅዳም ገበያ ድንች ሲሸጡ ነበር ያገኘኋቸው። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ «ለእናንተው ነው» ብዬ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞርኩ። ቋንቋቸውን ከእናቴ ተምሬዋለሁ። ላነብላቸው እችል ነበር።

«ለመሆኑ ምን ይላል?» አሉ አሁን። ቁጣ የለባቸውም። «ላሜን ሳላልብ ነው ያመጡኝ። ለምን እንደሆነ ልወቅ እንጂ።»

በቃሌ የያዝኩትን በአገውኛ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ግጦሹን ብቻ ጻፋችሁ። ውሃ የምንቀዳበት ምንጭስ? ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»



ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ጠሯቸው። ቢሮውን ከእኛ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። መርማሪው ለስለስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ልጅቷ አታልላ ነው ያስፈረመችዎት። እንዲያ ይበሉና አሁኑኑ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አላቸው።

እውነቱ ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ጣውላውን መትቼ «አላነበብኩላቸውም!» ብል እንዲለቋቸው ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ለጥያቄያችን ስል ነው አልኩ ለራሴ። የፈራሁት ግን በማጭበርበር እንዳልከሰስ ነው።

«የተጻፈውን ነግራኛለች» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «ጣቱም የእኔ ነው። ምንጩን ረስታለች፤ እሱን አንተ ጻፈው።»

ውሸት አልተናገሩም። ነግሬያቸዋለሁ፤ ከታሰሩ በኋላ።

ስድስት ቀን ያዟቸው። ላማቸውን ማን እንደሚያልብላቸው እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ዳንግላ ነው የምኖረው። መመሪያው ተሻሽሏል። ወጣቶች ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ እሳቸው ያሉትን እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ዝም ማለቴን እዘለዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ቅዳም ስንደርስ ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ እስከ እንጅባራ ሄድኩ።