ከታመመው ጥግ የተለቀመ የሽምብራ ዘር

ዛሬ ጠዋት ከመንደራችን ዳር ባለው ማሳ፣ እትዬ ዘይነባ የመሬቱን ባለቤት የሐጅ ኢድሪስን እጅ ቸብ አደረጉ። ሽማግሌው ከሽምብራው እሸት ሊቀጥፉ ነበር።

«ሐጅ፣ ይሄ ለዘር ነው። አይነካም!»

ሐጅ የመጡት እትዬ የሚያርሱትን መሬት መልሰው ሊወስዱባቸው ነበር። አፈሩ ውስጥ ያለ ፈንገስ በሥር እየገባ ሽምብራውን ያደርቃል፤ ለዓመታትም አይለቅም። «ዘንድሮም ከደረቀ ኸላስ፣ በቃ መሬቴን እወስዳለሁ» ብለዋቸው ነበር።

እትዬ ድሮ ዘር የሚያስቀሩት ከጤነኛው ጥግ፣ ወፍራም ወፍራሙን ነበር። ሲዘሩት ግን ደረቀ። ከዚያ በሽታው በበረታበት ጥግ፣ በደረቁት መሃል የቆመውን ብቻ እየለቀሙ እዚያው መልሰው ዘሩ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረጉ።

በወሎ እሸት ለአላፊ አግዳሚ መከልከል ነውር ነው። እሳቸው ግን ሁላችንንም ከለከሉ። ስስታም ተባሉ። (እኔም ብያለሁ። የጋዜጣ ሰው ነኝና ማረሚያዬ ይኸው።)

እትዬ ለማወዳደር የዘሩት የገበያ ዘር ያለበት መደብ ዛሬ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አጠገቡ፣ በዚያው በታመመ አፈር፣ የእትዬ ሽምብራ ፍሬ ተሸክሞ ቆሟል። እዚህም እዚያም የጠወለገ አይቻለሁ፤ ጥቂት ነው።

ሐጅ መደቡን ዞረው አዩና «ወላሂ ዘይነባ፣ መሬቱን የሚነካብሽ የለም። ለእኔም ማሳ ከዚህ ዘር ስጪኝ» አሉ።

«እንሻላህ። ግን ሐጅ፣ እሸቱን እንዳይበሉት!»

በእናንተስ አካባቢ፣ በሽታ ከጨረሰው ማሳ የተረፈውን ለዘር ያቆየ ሰው አለ? ባቄላም ይሁን ምስር ጻፉልኝ፤ እትዬ «አንብብልኝ» ብለው እየጠበቁ ነው።